የባቡር ትኬት ውድ የሚመስለው ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ረጅም ርቀት ጉዞ ወጪ ባወጣችሁት ጽሑፍ ባቡር ከአውሮፕላንም ከግል መኪናም ይልቅ ውድ ነው ብላችሁ መደምደማችሁ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አነሳስቶኛል። በሠንጠረዡ የሰፈሩት ዋጋዎች ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ ጎን ለጎን የቆሙት ሒሳቦች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የባቡር ተሳፋሪ የሚከፍለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትኬቱ ላይ ያየዋል። የሌሎቹ ሁለቱ ወጪ ግን ተበታትኖ የሚከፈል ወይም ጭራሹን የማይከፈል ነው።

ከመኪናው ልጀምር። አብዛኛው አሽከርካሪ የጉዞ ወጪ ሲያሰላ የሚቆጥረው ነዳጁን ብቻ ነው፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርሁ። በአንድ ወቅት ግን ትንሽ ደብተር በመኪናዬ መሳቢያ አስቀምጬ፣ ጎማውንም የሞተር ዘይቱንም የፍሬን ሸራውንም ኢንሹራንሱንም የማቆሚያ ክፍያውንም ሳልዘል ለአንድ ዓመት መዘገብሁ። ሲደመር ነዳጁ የጠቅላላውን ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ መኪናው በማርጀቱ ያጣውን ዋጋ ደግሞ ገና አላስገባሁም ነበር። (ባለቤቴ ደብተሩን አይታ «ባትጽፈው ይሻልህ ነበር» ብላኛለች።)

ይሁን እንጂ መኪናው አንዴ ከተገዛ፣ ኢንሹራንሱም ቆሞ ቢውል እንኳ የሚከፈል ከሆነ፣ ባለመኪናው ትኬቱን ከነዳጁ ጋር ብቻ ማወዳደሩ ሞኝነት አይደለም። አራት ሆነው የሚጓዙ ቤተሰቦችማ አራት ትኬት ከመግዛት አንድ ታንከር መሙላት እንደሚረክስላቸው አልክድም። ስሕተቱ የሚመጣው ይኸው ስሌት መኪና ለሌለው፣ ወይም ልግዛ አልግዛ እያለ ለሚያመነታ አንባቢ እንደ ሙሉ ሒሳብ ሲቀርብለት ነው። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በመላ አገሪቱ በሕዝብ ትራንስፖርት የሚያስኬድ ዓመታዊ ትኬት ስትጀምር ይህንኑ ጠባይ ለባቡሩ ሰጥታዋለች ማለት ይቻላል፤ ዓመቱን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ነገ ለሚሄድበት መንገድ ተጨማሪ ነገር አይጠየቅምና።

የአውሮፕላኑ ነገር ይበልጥ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአንቀጽ 24፣ ከአንድ አገር ወደ ሌላው የሚበር አውሮፕላን በታንከሩ ይዞት የሚገባውን ነዳጅ ከቀረጥ ነጻ አደረገ፤ በኋላም አገሮች ሁለት በሁለት የተዋዋሏቸው የአየር አገልግሎት ስምምነቶች ነጻነቱን በማረፊያው ለሚቀዳው ነዳጅ ጭምር አሰፉት። ጀርመን እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ ለረጅም ርቀት ባቡር ትኬት 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ታስከፍል ነበር፤ ወደ ውጭ አገር የሚበር መንገደኛ ግን ይህ ታክስ አልነበረበትም። በጥር 2020 ታክሱ ወደ 7 በመቶ ሲወርድ የትኬቱም ዋጋ በ10 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

ሁሉን ነገር በታክስ ማሳበብ ግን ልክ አይሆንም። አውሮፕላን የማረፊያና የበረራ ቁጥጥር ክፍያ ቢኖርበትም በሁለቱ ከተሞች መካከል መንገድ የሚዘረጋለት አያስፈልገውም፤ ባቡር ግን እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ድልድይና የምልክት መስመር ተሠርቶለት ዓመት ከዓመት መጠገን አለበት። ስለዚህም በብዙ አገሮች ከመንግሥት ድጎማ ያገኛል፤ ርቀቱ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ሲቆጠርም በአውሮፕላን መበለጡ የሚጠበቅ ነው። በመካከለኛ ርቀት ላይ ግን ዋጋው የማይነቃነቅ አይደለም። 621 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የማድሪድና የባርሴሎና ፈጣን መስመር ከ2021 ጀምሮ ተፎካካሪ ድርጅቶች ባቡሮቻቸውን ሲያስገቡ፣ ሐዲዱ ያው ሐዲድ ሆኖ ሳለ የትኬት ዋጋ በግልጽ ወርዷል።

ወደፊት ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ስታወጡ በአውሮፕላኑ ዓምድ የሻንጣውን ክፍያና ከከተማ እስከ ማረፊያው የሚከፈለውን ትራንስፖርት፣ በመኪናው ዓምድ ደግሞ ከነዳጁ በተጨማሪ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱንና ማቆሚያውን እንድትጨምሩ፣ ስሌቱም ለአንድ ሰውና ለአራት ሰዎች ለየብቻ እንዲቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ