«ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለሆስፒታል ኮምፒዩተር ሁለት ሰው ናቸው

ለክቡር አዘጋጅ፣

ሆስፒታሎቻችን የወረቀት ካርድን በኮምፒዩተር መተካታቸው ደግ ነው። ሆኖም ለሌላ አገር ስምና ቀን የተሠራ ሶፍትዌር እንዳለ ሲተከል፣ ለአንድ ታካሚ ሁለት ሦስት መዝገብ ይከፈትለታል። የአለርጂ ማስታወሻው በአንዱ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ በሌላው ይቀራል። ጣጣው የሚጀምረው ካርድ ክፍል ነው።

ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም እንይ። መነሻው ኃ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሀ፣ ሓ ወይም ሐ፤ ቀጥሎ ሥ ወይም ስ፤ መጨረሻው ሴ ወይም ሤ ሊሆን ይችላል፤ ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። ሲባዛ 48 አጻጻፍ ነው፤ ድምፁ ግን አንድ። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ሆሄያት ወደ አንድ የተመለሱበትና ክፍተቱ የተዘጋበት ቅጂ ይኑር። በላቲን ፊደል ብቻ መመዝገብ አያዋጣም። ለእንግሊዝኛ ስሞች የተሠራው፣ በድምፅ የሚመሳሰሉ ስሞችን የሚፈልገው ሳውንዴክስ የተባለ ዘዴ የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ስለሚይዝ፣ ፀሐይን አንዱ መዝጋቢ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ቢጀምራት ሁለቱ አይገናኙም። የአያት ስምም የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል፤ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ሲመጣ አንዱ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ይሞላበታል።

የቀኑ ነገር ይብሳል። ጥቅምት 30 «30/2» ተብሎ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ሲስተሙ አልቀበልም ይላል፤ 13ኛዋን ወር ጳጉሜንንም አያውቃትም። ይህ ቢያንስ ይታያል። የሚያስፈራው ሳይታይ የሚያልፈው ነው። የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ «12/6/2015» ተብሎ ቢመዘገብ ኮምፒዩተሩ ጁን 12 ብሎ በፈረንጆቹ 2015 ያስቀምጠዋል። ልጁ በአንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ይጨመርበታል፤ ክብደቱ ለዕድሜው እጅግ ያነሰ፣ ክትባቱም ያለፈበት ይመስላል። ስለዚህ ቀን በአንድ አቆጣጠር ተቀምጦ በሁለቱም ይታይ፤ ዕድሜ በግምት ሲነገር «ግምት» የሚል ምልክት ይደረግበት።

ለተመራማሪም መዘዙ ቀላል አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ሳያስታውቅ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚወስድ ሰው በቀድሞው «ክትትል ያቋረጠ»፣ በአዲሱ «አዲስ ታካሚ» ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ጤነኛ ክትትል ሁለት የተሳሳተ ቁጥር ወለደ ማለት ነው።

መዛግብትን ለማገናኘት ፌሌጊና ሰንተር የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ የብርቅ ስም መመሳሰል ብዙ ነጥብ፣ የተለመደ ስም መመሳሰል ጥቂት ነጥብ ያገኛል። ማዋሐዱን ግን ሰው ያጽድቀው፤ የሚቀለበስም ይሁን። የሁለት ሰው መዝገብ በስህተት ከተዋሐደ የአንዱ የደም ዓይነት ለሌላው ይነበባል፤ ይህ ከድርብ ካርድ የከፋ አደጋ ነው። የፋይዳ ቁጥር ብዙ ያግዛል፤ ሆኖም አሁን የተወለደ ሕፃንና ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ይዘውት አይመጡም።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩ ባለበት ሦስት ምዝገባ ይሞከር፦ በሁለት አጻጻፍ የመጣ አንድ ኃይለ ሥላሴ፣ ጳጉሜን 3 የተወለደች ሕፃን፣ ስሙ ያልታወቀ የድንገተኛ ክፍል ታካሚ። ሦስቱን ያላለፈ ሶፍትዌር ተስተካክሎ እስኪመለስ ክፍያው ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና መረጃ ሥርዓት ባለሙያዎች