ከኢንዲዛይን ወደ ወርድ ሲዛወር ፊደሉ እንዳይጠፋ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቃሊቲና በገላን ዙሪያ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች በኢንዲዛይን (በገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) የተሰናዳ መጽሐፍ ለእርማት ወደ ወርድ ሲዛወር ገጽ በገጽ ኮፒ ይደረጋል። ልፋቱ ያሳዝናል፤ አንቀጽም ያዘልላል። ኢንዲዛይን ላይ ጠቋሚውን ጽሑፉ ውስጥ አስገብቶ ኮንትሮልና ኢ መጫን፣ ከዚያ አርቲኤፍ የሚባለውን፣ ወርድ የሚከፍተውን የፋይል ዓይነት መርጦ ማስቀመጥ ይበቃል። እርስ በርስ የተያያዙ የጽሑፍ ሳጥኖች በአንድ ፋይል ይወጣሉ። ያልተያያዙት፣ ለምሳሌ የፎቶ መግለጫዎች፣ ለየብቻ መውጣት አለባቸው። ጠቋሚው ከጽሑፉ ውጭ ከሆነ አርቲኤፍ የሚለው ምርጫ አይመጣም።

ከሁሉ የሚከፋው የድሮ ፎንት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ግን ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ቦታው 256 ብቻ ስለሆነ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውታል። ስለዚህ ጽሑፉን በተራ ቴክስት አታውጡት፤ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል። አርቲኤፍ ያንን ይይዛል። መጀመሪያ ለዚያው ፎንት በተሠራ መለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩ፤ እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ የዩኒኮድ ፎንት የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገጹ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዋናውን ፋይል ደግሞ እባካችሁ አትሰርዙ።

የኅትመት ዝግጅት ባለሙያዎች፣ ከቃሊቲ