ገመዱን ንቀሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዳማ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የኢንስትሩመንት ቴክኒሻን ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ፋብሪካ ስለማዘመን ሲነሳ ወሬው ሁሉ የኔትወርክ ፍጥነት ሆኗል። ፍጥነት አልጠላም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር የአሁን ነው ወይስ የቅድም የሚለው ነው።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ፈረቃው ላይ አንድ ልጅ እግር ኦፕሬተር ነበር። ስክሪኑ የውሃ ማጠራቀሚያው 62 በመቶ መሙላቱን በአረንጓዴ ያሳያል። ፓምፑም የሚቆመው ይህንኑ ቁጥር አይቶ ነውና ዝም ብሎ ይገፋል። ከ40 ደቂቃ በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው ጫማውን በእጁ ይዞ ገባ። «ኧረ ግቢው ባሕር ሆኗል!» አለ። ማጠራቀሚያው ሥር ያለች ትንሽ የኔትወርክ ስዊች፣ የዳታ ገመዶችን የምታገናኝ ሳጥን፣ መብራት ሄድ መጣ ሲል ተቃጥላለች። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቁጥር አልመጣም፤ ስክሪኑ የመጨረሻዋን 62 ይዞ ቀርቷል። ልጁ የሦስት ቀን ደመወዝ ተቀጣ። ስክሪን አምኖ!

ምርመራውም ራሱን የቻለ ድራማ ነበር። የጥበቃው መዝገብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይላል፣ ኮምፒውተሩ 2 ሰዓት ይላል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ተገኘ ተብሎ ግማሽ ቀን ተከራከርን።

የኛ መስመር የሚሠራው በሞድባስ ነው፤ በፈረንጆቹ 1979 የወጣ የመሣሪያዎች መነጋገሪያ አሠራር። አንዱ መሣሪያ ሌሎቹን በየተራ ይጠይቃል፦ ስንት ደረስክ? አንተስ? ለአምስት ፓምፕ ይበቃል። የአዳማ ሁለትን 102 የነፋስ ተርባይኖች አንድ በአንድ እየዞሩ መጠየቅን ደግሞ አስቡት። መልስ ያልሰጠውን ምን እናድርገው የሚለውን የሚወስነው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው። የኛው ምንም አልወሰነም።

ሌላ መንገድ አለ። ዲዲኤስ ይባላል፤ ደረጃው (ስታንዳርዱ) መጀመሪያ የወጣው በፈረንጆቹ 2004 ነው። በፕሮግራሞቹና በኔትወርኩ መሃል የሚቀመጥ፣ ሚድልዌር የሚሉት ዓይነት ሶፍትዌር ነው። የእድር ጥሩምባ ነፊን አስቡ። ቤት ለቤት አያንኳኳም፤ ይነፋል፣ የሚመለከተው ይሰማል። ሰንሰሩም፣ ማለትም ልኩን የሚያነበው መሣሪያ፣ ቁጥሩን በርዕሱ («የውሃ ልክ» ብሎ እንደማለት) ይለቃል፣ ርዕሱን የፈለገ ሁሉ ይወስዳል። መሃል ላይ የግድ አንድ ዋና ኮምፒውተር አያስፈልግም። ከመንገድ ዘግይቶ የገባ ጎረቤት ማን እንዳረፈ እንደሚነገረው፣ ዘግይቶ የተነሳ ኮምፒውተርም የመጨረሻውን ቁጥር እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል።

እኔን የማረከኝ ውሉ ነው። ሰንሰሩ በየ100 ሚሊሰከንዱ እሰጣለሁ ይላል። ተቀባዩ በየ50 ካልሆነ አልፈልግም ካለ ገና ከጅምሩ አይገናኙም፤ አለመስማማታቸውም ይነገራል። ተስማምተው ቁጥሩ በሰዓቱ ካልመጣ ደግሞ ተቀባዩ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ቁጥሩ የአገልግሎት ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፣ ልክ እንደ መድኃኒት፤ ሳይወሰድ ጊዜው ካለፈ ይጣላል። የውሃ ልክ አንዴ ቢጠፋ ቀጣዩ ይተካዋል፣ ግድ የለም። የአላርም መልእክት ግን እስኪደርስ ድረስ ይደጋገም ማለት ይቻላል።

ጣጣ የለውም አልልም። መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈላለጉት በመልቲካስት፣ አንድን መልእክት ለብዙዎች በአንዴ በመላክ ነው፤ ርካሽ ስዊችና ዋይፋይ እሱ ላይ ያስቸግራሉ። አሮጌዎቹ ፒኤልሲዎቻችን፣ ማሽኖቹን የሚያዙት ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ የዲዲኤስን ቋንቋ ስለማይችሉ መሃል ላይ አስተርጓሚ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። የሶፍትዌሩ ዋጋ ነው የሚለውን ሰበብ ግን አልቀበልም፤ ሳይክሎን ዲዲኤስና ፋስት ዲዲኤስ የሚባሉት የዲዲኤስ ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ። ደግሞም ማስጠንቀቂያው ቢመጣ እንኳ ስክሪኑ ላይ በቀይ የሚያወጣው ዞሮ ዞሮ ሰው ነው።

ስለዚህ ጨረታ ለምታወጡ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ዳታ ሲቋረጥ ስክሪኑ ምን ያሳያል? በርክክቡ ቀንም ገመዱን ንቀሉት። እኔ ባለፈው ወር ነቀልኩ። ኮንትራክተሩ ደንግጦ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለኝ። ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። አራት ደቂቃ ሙሉ ቁጥሩ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። አልፈረምኩም።

የኢንስትሩመንት ቴክኒሻን፣ ከአዳማ