ፀሐይ ምድርን ትውጣት ይሆን? ለልጄ ማህሌት

ውድ ልጄ ማህሌት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮውንና በርበሬውን ሰው ሲገኝ እልክላታለሁ ብላለች።

እሑድ ማታ ኔትወርኩ ተቋርጦ ጥያቄሽ ሳይመለስ ቀረ። ፀሐይ አብጣ ምድርን ትውጣለች የሚል ቪዲዮ አይተሽ «ታዲያ የምንማረው ለምኑ ነው?» ብለሽኝ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለምና ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። የምታበራው እምብርቷ ላይ ያለውን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም እየለወጠች ነው፤ የቀራት ነዳጅ ለሌላ 5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይበቃታል። ከዚያ በኋላ እንደ ከሰል ምድጃ መሃሉ ዐመድ ይሆንና እሳቱ ዳር ዳሩን ይይዛል። ዐመዱ ሂሊየሙ ነው። እምብርቷ በራሱ ክብደት እየተጨመቀ ሲግል፣ በዙሪያው ያለው ሃይድሮጅን ከበፊቱ ብሶ ይነዳል። የውጪ አካሏ ተነፍቶ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም ይቀላል። ቀይ ግዙፍ ኮከብ የሚባለው ይህ ነው። በመጨረሻም ስፋቷ ከዛሬው ከ200 እጥፍ በላይ ይደርሳል። ሜርኩሪና ቬነስ አይተርፉም።

ስለ ምድር ግን ቪዲዮው አፉን ሞልቶ መናገሩ ደስ አላሰኘኝም። ፀሐይ ስታረጅ አካሏን ወደ ጠፈር እየበተነች ከክብደቷ ሲሶውን ያህል ታጣለች። ስበቷ ስለሚላላ ምድር እየራቀች ትሄዳለች። በዚያው ልክ ደግሞ የምድር ስበት በዚያ ባበጠ ገላ ላይ ማዕበል ያነሣል፤ ማዕበሉ መልሶ ምድርን ወደ ውስጥ ይጎትታታል። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል። በ2008 የወጣ የታወቀ ስሌት ምድር አታመልጥም ብሎ ደምድሟል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ግን አልተስማሙም።

ደግሞ ከመዋጡ በፊት የሚመጣ አለ። ፀሐይ በየቢሊዮን ዓመቱ 10 በመቶ ያህል እየደመቀች ነው። ከ1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ውቅያኖሶች ይተናሉ፤ ፀሐይ ከማበጧ እጅግ ቀድሞ ምድር ባዶ ትሆናለች ማለት ነው። የእኛ ዘር በምድር ላይ ከታየ 300,000 ዓመት ያህል ነው፤ ያ ቢሊዮን የዚህ 3,000 እጥፍ ይሆናል። ትምህርት የሚያስተው ነገር የለም፣ እማዬ።

እኔን የሚደንቀኝ፣ ይህን ማወቃችን ነው። ፀሐይ እስክታረጅ ማን ይጠብቃል? ሰማዩ ላይ ግን በየዕድሜው ያለ ኮከብ ሞልቷል። በግንቦት ደመናው ከፈቀደልሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደጅ ወጥተሽ ሽቅብ ተመልከቺ። አናትሽ አካባቢ ብርቱካናማ ደማቅ ኮከብ ታያለሽ፤ አርክቱረስ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ እምብዛም አይበልጥም፣ ስፋቱ ግን 25 እጥፍ ነው። የፀሐይን እርጅና ያለ ቴሌስኮፕ፣ በዓይንሽ በብረቱ አየሽ ማለት ነው።

መዋጡንም ቢሆን አይተውታል። በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለ ካሜራ፣ 12,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ያለ ኮከብ በ10 ቀን ውስጥ ከ100 እጥፍ በላይ ሲደምቅ ያዘ። ኪሻላይ ዴ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ መረጃውን ቢመረምሩ፣ የወጣው ጉልበት ሁለት ከዋክብት ሲዋሐዱ ከሚታየው አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ሆነ። ኮከቡ የዋጠው ፕላኔት ነው ብለው በ2023 አሳተሙት። በኋላ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሲያየው ደግሞ ኮከቡ ያን ያህል አላበጠም። ፕላኔቱ ራሱ ምሕዋሩ እየጠበበ ሄዶ የወደቀ ይመስላል።

በ2025 የወጣው የብራያንትና የቫን አይለን ጥናትም የማዕበሉን ጉልበት ያሳያል። ቴስ በተባለው የናሳ የጠፈር ቴሌስኮፕ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ያረጁ ከዋክብት ታዩ። እርጅና ገና ከጀመራቸው ውስጥ 0.35 በመቶ ያህሉ በቅርብ የሚዞራቸው ግዙፍ ፕላኔት አላቸው፤ ቀይ ግዙፍ ከሆኑት ግን 0.11 በመቶው ብቻ። የጎደሉት ተውጠዋል ማለት ነው። እነዚህ ለኮከባቸው እጅግ የቀረቡ ናቸውና የምድርን ዕጣ በቀጥታ አይነግሩንም።

ሥርዓቱን ያፈረሰችም አለች። የኮሪያ ተመራማሪዎች በ2015 ያገኟት ሃላ የተባለች ፕላኔት፣ ከምድርና ከፀሐይ ርቀት በግማሹ ላይ ሆና ኮከቧን በ93 ቀን ትዞራለች። ኮከቧ ሂሊየም ማንደድ ጀምሯል፤ እዚህ የደረሰ ኮከብ ደግሞ አብጦ የከሳ ነው። ሲያብጥ እሷ ያለችበትን ቦታ አልፎ መሄድ ነበረበት። እሷ ግን አለች! ምናልባት ያ ኮከብ ቀድሞ ሁለት ነበረ፤ ሲዋሐዱ ማበጡ ተቋረጠ የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለ ግትር ማስረጃ በጣም ነው የምወደው።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል ብላለች። ቡና አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው፤ ከፀሐይ 1.3 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ከባድ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ስለሚጨርስ ዕድሜውም ከፀሐይ ያጥራል። አቦል ከምድርና ከፀሐይ ርቀት በእጥፍ ገደማ ላይ ሆና ትዞረዋለች።

ኮከቡ ቀስ በቀስ ሲከሳ፣ የምሕዋሩ ስፋት በኮከቡ ክብደት ሲባዛ ውጤቱ አይለወጥም፤ ክብደቱ በግማሽ ቢቀንስ ምሕዋሩ እጥፍ ይሆናል። ማዕበሉን ለጊዜው ተዪውና፣ ቡና ከክብደቱ ሲሶውን ቢያጣ አቦል የት ትደርሳለች? አስልተሽ ላኪልኝ። ከዚያ ማዕበሉን አብረን እንጨምርበታለን።

አባትሽ