ስለ ኢሽ ስሚዝም ጻፉልን

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ፤

የስፖርት አምዳችሁን በደስታ ነው የማነበው። ግን ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ስለ ኤንቢኤ ስትጽፉ ሁሌም ሌብሮንና ከሪ ናቸው። እስቲ አንድ ቀን ስለ ኢሽ ስሚዝ ጻፉ።

ኢሽ የሻርሎት ልጅ ነው። በ2010 ከዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ በድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የመረጠው ቡድን አልነበረም። ሂውስተን ዕድል ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሻንጣው አላረፈም። ሜምፊስ፣ ጎልደን ስቴት፣ ኦርላንዶ፣ ሚልዋኪ፣ ፊኒክስ እያለ በ13 ቡድኖች ተጫወተ። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 12 ነበር።

ይህን ሰምቶ "ማንም ያልፈለገው ተጫዋች" የሚል አይጠፋም። እኔ በፍጹም አልስማማም። የማይፈለግ ሰው ይህን ያህል ጊዜ አይጠራም! ፊላደልፊያን ተመልከቱ። በታኅሣሥ 2015 ቡድኑ ከ31 ጨዋታ ያሸነፈው 1 ብቻ ነበር። ወጣቶቹን የሚመራ፣ ኳስ በሰዓቱ የሚያቀብል ሰው ጠፋ። ያኔ ሁለት የሁለተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ መብት ከፍሎ የቀድሞ ልጁን ኢሽን ከኒው ኦርሊንስ መልሶ አስመጣ።

በ2023 ደግሞ በ34 ዓመቱ ከዴንቨር ጋር ሻምፒዮን ሆነ። ብዙ ደቂቃ አልተሰለፈም፤ ቢሆንም ለሻምፒዮኖች የምትሰጠው ቀለበት የእሱም ናት። በዚያው ዓመት ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ለሻርሎት ተጫወተ።

የዘወትር አንባቢያችሁ