የደቡቡ ክንፍ ጣሪያ ብርዱ ሳይገባ ይከደን፦ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ምእመናን፣ ወዳጆችና ጎረቤቶች፤

ባለፈው ጥሪያችን «የመጨረሻው ነው» ብለን ነበር። አልሆነም። ሌቦች የምንገለገልበትን የጥንት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የደቡቡን ክንፍ ጣሪያ የሸፈነውን የእርሳስ ብረት ንጣፍ በሌሊት ገፈው ወሰዱት። እሑድ ማለዳ ለኪዳን የደረሱ እናቶች ምንጣፉ በውኃ ርሶ አገኙት፤ የከበሮው ቆዳ ረጥቦ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ጣሪያው ላይ ያለው ሸራ ነው። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከኮሚቴው አንዱ በሌሊት ሄዶ ያየዋል። ደክሞናል።

«ቤቱ የእንግሊዞቹ ነው፣ እኛ ምን አገባን?» የሚሉ አሉ። ሕንፃው የእንግሊዞቹ ደብር መሆኑ እውነት ነው። ግን ልጆቻችን የተጠመቁት፣ ሙታናችንን የሸኘነው እዚያ ነው፤ የጣሪያውንም ወጪ እኩል ልንካፈል ቃል ገብተናል። ነቢዩ ሐጌ የወቀሰው የራሱን ቤት አሳምሮ የእግዚአብሔርን ቤት ፈርሶ የሚያይ ሕዝብ ነው።

ክብ ቅስቶቹ በወፍራም ዓምዶች ላይ የቆሙት በ12ኛው መቶ ዘመን ነው። በ13ኛው መቅደሱ ረዘመ፣ ጠባብና ሹል መስኮቶችም ወጡለት፤ የደወሉ ማማ የመጣው በ15ኛው ነው። ሁሉም ወደ ምሥራቅ ስለሚያመራ ካህናቶቻችን መጀመሪያ ሲገቡ ቅኔ ማሕሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ለመለየት አልተቸገሩም። ከደጁ ፊት ለፊት ባለው የሰሜን ግድግዳ ላይ በተሳለው ሥዕል ቅዱስ ክሪስቶፎር ሕፃኑን ጌታ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ይሻገራል። በእንግሊዝ የሃይማኖት ለውጥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1547 ሥዕሎች ይጥፉ ተብሎ ሲታዘዝ በኖራ ከለበሱት አንዱ ነው። ኖራው ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም።

የሰሜኑን ግድግዳ በኖራ መጠገናችንን አይተው «ያ ሁሉ ገንዘብ ለኖራ ወጣ፤ ሲሚንቶ ይረክስ ነበር» ለሚሉን መልስ አለን። ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ ውኃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሳል። እንግሊዛዊው ባለቅኔና የጥበብ ሰው ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ያቋቋሙት በ«እድሳት» ስም የጥንቱ ሥራ እየተፋቀ ሲጠፋ አይተው ነው። ካላመናችሁን ገብታችሁ እጃችሁን አሳርፉበት። በኖራ የተሠራው የሰሜኑ ግድግዳ ያን ሁሉ ዝናብ አልፎም ደረቅ ነው፤ ሲሚንቶው ገና ያልተነሣለት የማማው ግርጌ እጅ ያረጥባል። ካርኒዎቹ ገንዘብ ያዡ ዘንድ አሉ፤ የፈለገ ሁሉ ጠይቆ ይያቸው።

ጣሪያው ግን ጊዜ አይሰጥም። ጣሪያውን የተሸከሙት ወራጆች በእንጨት ችንካር የተያያዙ የኦክ ዛፍ እንጨቶች ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫፋቸው መለስለስ ጀምሯል። በእርሳሱ ምትክ ሌባን የማያጓጓ የማይዝግ ብረት ለማልበስ ፈቃድ ጠይቀናል። እስከ መስቀል ድርሻችንን ካላስገባን ሠራተኞቹ ሌላ ሥራ ይይዛሉ፤ እስካሁን የሞላው ከግማሽ በታች ነው።

የባንክ ሒሳቡ ቁጥር በደጁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። በስልክ የሚላክላችሁን ሌላ ቁጥር አትቀበሉ። ስትልኩ ማስታወሻው ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ግብር የምትከፍሉ የጊፍት ኤይድ ቅጹን ሙሉልን፤ በእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምርልናል። በእጅ የምትሰጡ ካርኒ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ደግመን እናሳስባለን፦ ቁጥሩ ከደጁ ሰሌዳ፣ ማስታወሻው «ጣሪያ»። ባለፈው ጊዜ ያለ ማስታወሻ የገባው ገንዘብ ከሻማና ከዕጣን ሒሳብ ጋር ተቀላቅሎ ለመለየት ሳምንታት ፈጅቶብናል።

የጣሪያ ኮሚቴው