ደብዳቤ ለልጄ፦ የኔሮን እናት በወርቁ ላይ

ምህረትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

ከሙዚየም የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። "እማ፣ ይሄ ምን ይላል?" ብለሽ አንድ መስመር ጻፍሽ፣ እኔ ደግሞ ሦስት ማታ ሙሉ እያጎላሁ ሳየው አመሸሁ። ጡረታ ብወጣም ታሪክ ማስተማር ከልቤ አልወጣም።

ያየሽው አውሬየስ ይባላል። የሮም ቄሣሮች የወርቅ ገንዘብ ነው። ወርዱ ሁለት ሳንቲሜትር አይሞላም፣ ክብደቱ 7 ግራም ተኩል ገደማ ነው፣ አንዱ በ25 የብር ዲናር ይመነዘር ነበር። እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ግን ስንት ነገር ተጽፏል መሰለሽ!

በዘውዱ በኩል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ልጁ ኔሮን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ54 ሲነግሥ ገና 16 ዓመቱ ነበር። ሴትዮዋ እናቱ አግሪፒና ናት፤ ጸጉሯን እይው፣ ተጎንጉኖ ከማጅራቷ ወርዷል። አፍንጫ ለአፍንጫ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ማን ይበልጣል ብትዪኝ፣ ፊታቸው ላይ አታገኚውም። እኩል ናቸው። መልሱ ዙሪያውን ያለው ጽሑፍ ላይ ነው።

የላቲን ጽሑፉ የተቆራረጠ የመሰለሽ ቃሉን ስለሚያሳጥሩት ነው፣ "ዩ"ንም በ"ቪ" ነው የሚጽፉት። "አግሪፕ፣ አውግ፣ ዲዊ ክላውድ፣ ኔሮኒስ ካይስ፣ ማተር" ይላል። አግሪፒና አውጉስታ፣ የአምላኩ የክላውዲዮስ፣ የኔሮን ቄሣር እናት ማለት ነው። አውጉስታ የክብር ማዕረጓ ነው፣ ክላውዲዮስ ደግሞ ከኔሮን በፊት የነገሠው ባሏ። ሚስት የሚል ቃል የለም፤ "የክላውዲዮስ" ብሎ ይተወዋል፣ አንባቢው ያውቃል። አምላክ ያሉት ከሞተ በኋላ የሮም ሸንጎ ስለወሰነለት ነው። "ማተር" የምትለዋን ሳነብ ትንሽ ቆምኩ። እኔንም እኮ ሰፈሩ ሁሉ "የምህረት እናት" እያለ ነው የሚጠራኝ፣ ደስም ይለኛል።

አሁን ወደ ጎፈሩ ነይ። በፎቶው አይታይም፣ ግን ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። የባሉጥ ቅጠል አክሊል አለ፣ መሃሉ ላይ "በሸንጎው ውሳኔ" የሚል ምህጻረ ቃል። የንጉሡ የራሱ ስምና ማዕረግ ያለው እዚህ ነው፣ ከኋላ! እሱም "ኔሮ" አይልም፣ "ኔሮኒ" ነው የሚለው። እኛ ከስሙ ፊት "ለ" የምንጨምረውን እነሱ የቃሉን መጨረሻ ይቀይሩታል። ስለዚህ "ለኔሮን" ማለት ነው። እናትየው በፊት ለፊት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆና ቆማለች፣ ንጉሡ በጀርባ የሚሰጠውን ተቀባይ ነው። በቃሉ መጨረሻ ብቻ!

ይሄ ግን ብዙ አልቆየም። በ55 በወጣው ላይ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፣ የልጅየው ፊት ቀድሞ የእናቱ ከኋላው ተደርቧል። "ኔሮ" የሚለው ስም አሁን ያለ "ለ" ወደ ፊት መጥቷል፣ የእሷ ማዕረግ ደግሞ አራት ዝሆኖች ሰረገላ ወደሚጎትቱበት ወደ ጎፈሩ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ኔሮን ብቻውን ነው፤ እሷ ከወርቁ ላይ ጠፋች። በ59 ራሱ አስገደላት። እስከዚያ ድረስ ማንም በአዋጅ "አግሪፒና ወርዳለች" ያለ አልነበረም፣ ገንዘብ የሚመነዝር ነጋዴ ግን መዳፉ ላይ ያየው ነበር።

የኛዎቹ የአክሱም ነገሥታት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ወርቅ ማተም ሲጀምሩ ሌላ መንገድ ነው የያዙት። እንዱቢስ በሁለቱም በኩል የራሱን መልክ አሳተመ፣ ዙሪያውን ሁለት የእህል ዛላ አድርጎ፣ በግሪክኛ "የአክሱማውያን ንጉሥ" ብሎ። ጎፈር የለውም ማለት ነው፣ በየትም ብታገላብጪው እሱ ነው። የሮምና የአክሱም ወርቅ አንድ ላይ ተቀብሮ የመን ውስጥ ተገኝቷል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ባይ እንዴት ደስ ባለኝ።

እና አደራሽን፣ ስትመለሺ ያቺን የዝሆኗን ፈልጊልኝ። ካለች ጠጋ ብለሽ አንሺያት፣ ፊደሉ እንዲነበብ መብራቱ መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ። ብርዱ ከበረታ ደግሞ ያ ወፍራሙ ጋቢ ሻንጣሽ ውስጥ ከታች ነው ያለው።

እናትሽ